አፍሮዳይትን ማን አራቆታት? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል፤ «አየኸው?» ከሚል ጥያቄ ጋር። የሚያወራው የጥንት ግሪኮች የፍቅር አምላክ ስለነበረችው ስለ አፍሮዳይት፣ እሷን ተከትሎ ስለመጣውም ሥዕል፣ ሐውልትና ግጥም ነው። ጸሐፊው ብዕሩ ስል ነው። ቀልድም ይችልበታል። ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ስቄ ስጨርስ ግን ደግሜ አነበብኩትና አብዛኛው ውሃ የማያነሳ ሆኖ አገኘሁት።

ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አፍሮዳይት ወንዶች ራቁት ሴት ቀርጸው ለማየት የፈጠሯት ሰበብ ናት ይላል። ለእሷ የተገጠመው ሁሉ የጽጌረዳና የእንባ ግጥም ነው፤ ጥንታዊቷ የግሪክ ገጣሚ ሳፎም ብትሆን ያው አልቃሻ ናት ይላል። የሚሎዋ ቬነስ የተባለችው ሐውልት (ቬነስ የአፍሮዳይት የሮማውያን ስሟ ነው) ዝናዋን ያገኘችው በማስታወቂያ ነው፣ ሠዓሊው ቦቲቼሊም ሐውልት ገለበጠ እንጂ የፈጠረው ነገር የለም ይለናል። ግሪኮች አምላኳን ራሷን ከምሥራቅ ሰረቋት ብሎም ይጨምራል። በመጨረሻ ነጩን እብነ በረድ ያነሳል። ነጭነትን የውበት ልክ አድርገው የሸጡልን እነዚህ ሐውልቶች ናቸው፤ ጥቁር ሰው ከዚህ ቅርስ የሚወስደው ምንም የለም ብሎ ይዘጋል።

አንዳንዱ ላይ እውነት አለው። ስደርስበት እላለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እርቃኑን እናስቀድም። አፍሮዳይት ከየትም በላይ የምትከበርበት ቦታ ቆጵሮስ ላይ ያለችው ጳፉ ነበረች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13ን ያነበበ ከተማዋን ያውቃታል፤ ጳውሎስና በርናባስ ጠንቋዩን በርያሱስን ያገኙባት ናት። መቅደሱ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ ኩክሊያ የሚባል መንደር ባለበት ቦታ ነበር። ሰው ባሕር አቋርጦ መጥቶ የሚሳለመው ምን ነበር? ድንጋይ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታኪተስ ሲገልጸው የሰው መልክ የለውም፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፣ ለምን እንዲህ እንደሆነም አይታወቅም ይላል። እጅም ፊትም የሌለው ድንጋይ ፊት ዕጣን የሚያጨስ ሕዝብ ራቁት ገላ ለማየት ሰበብ ሲፈልግ ነበር ማለት ይከብዳል።

ቀራጾቹም ቢሆኑ ለዘመናት አልብሰው ነው የሠሯት። በትልቅ ሐውልት ራቁቷን ያቆማት ፕራክሲቴሊስ ነው፤ ያውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ350 ገደማ። ሳፎ ከሞተች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የዚህ ሐውልት ወሬ ደግሞ ይጣፍጣል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው ፕራክሲቴሊስ ሁለት ሠርቶ በእኩል ዋጋ ለሽያጭ አቀረበ፤ አንዷ የለበሰች፣ አንዷ ራቁቷን። ቀድመው የመምረጥ ዕድል የነበራቸው የኮስ ደሴት ሰዎች ለጨዋነት ይሻላል ብለው የለበሰችውን ወሰዱ። የተረፈችውን የክኒዶስ ሰዎች ገዙ። በኋላ ንጉሥ ኒቆሜዲስ መጥቶ የከተማችሁን ዕዳ በሙሉ ልክፈልላችሁና ሐውልቷን ስጡኝ ቢላቸው እምቢ አሉት። እንግዲህ ወንዱ ሁሉ ገላ ለማየት ሲሻማ ከነበረ፣ ኮሶችን ምን ነካቸው ልንል ነው?

ክኒዶስ የወደብ ከተማ ነበረች። እዚያ አፍሮዳይት የምትጠራው መልካም የባሕር ጉዞ በምትሰጥበት ስሟ ነው። መርከበኛው የሚለምናት ደህና ነፋስ ነበር። አኒቴ የተባለች ገጣሚም ባሕር ዳር ላለ መቅደሷ አራት ስንኝ ገጥማለች፤ አምላኳ ለመርከበኞች ጉዞውን ልታቀና ከየብስ ሆና ባሕሩን ታያለች፣ ባሕሩም የሚያበራውን ምስሏን አይቶ ይንቀጠቀጣል። ልብ በሉ፣ ሐውልቱን ተመልካች እዚህ ባሕሩ ነው። የሚሰማውም ምኞት አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ግሪኮቹ ራሳቸው በክኒዶሷ ሐውልት ቀልደውባታል። በአንድ አጭር ግጥም ላይ አምላኳ ክኒዶስ መጥታ የራሷን ሐውልት ታይና «ወይ ጉድ! ፕራክሲቴሊስ ራቁቴን የት አየኝ?» ትላለች። ጸሐፊው እንደ አዲስ ግኝት ያመጣውን ጥያቄ ሰዎቹ ድሮ ስቀውበት አልፈዋል።

ግን እውነቱ ይነገር። ስለዚያችው ሐውልት ነውር ያለበትም ወሬ ተጽፏል። ፕሊኒ ራሱ ሌሊት ተደብቆ አድሮ ያረከሳትን ሰው ይጠቅሳል። ቲሲያን በ1538 የሣላትን የኡርቢኖ ቬነስ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ብታዩዋት ደግሞ አምላክነቷ የቱ ጋ እንደሆነ ትንሽ መፈለግ ይኖርባችኋል። በ1914 ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ሜሪ ሪቻርድሰን የተባለች የሴቶች የምርጫ መብት ታጋይ ቬላስኬዝ የሣላትን ቬነስ በሥጋ መክተፊያ ተለተለቻት። የዚያን ጊዜ ምክንያቷ የትግል መሪዋ መታሰር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ወንዶች ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው ሲያፈጡባት ማየቱም ያናድዳት እንደነበር ተናግራለች። ስለዚህ የጸሐፊው ቅሬታ ከመሬት አልተነሳም። ጥፋቱ የአውሮፓ መኳንንት መኝታ ቤት ያስጌጠውን ሥዕል ወስዶ በጥንቱ መቅደስ ላይ መለጠፉ ነው።

ግጥሙ ላይ ስደርስ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል።

ሳፎ ሌስቦስ ደሴት ላይ የኖረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ ነው። ከግጥሞቿ ሳይጎድል የደረሰን ለአፍሮዳይት የገጠመችው ነው። የተረፈውም በዕድል ነው፤ የሐሊካርናሱ ዲዮናስዮስ ስለ አጻጻፍ ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ የጥሩ አጻጻፍ ምሳሌ አድርጎ ሙሉውን ገልብጦት ስለተገኘ። 28 ስንኝ ናት። ሳፎን አልቃሻ የሚል ሰው እነዚህን 28 ስንኞች አንብቧቸዋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳፎ ልቧ ቆስሎ አምላኳን ትጠራለች። ድሮም ስጠራሽ ሰምተሽኝ ነበር ትላታለች፤ የአባትሽን የወርቅ ቤት ትተሽ፣ ሠረገላሽን ጠምደሽ፣ ከሰማይ ወርደሽ መጥተሽ ነበር። ሠረገላውን የሚጎትቱት ድንቢጦች ናቸው። አዎ፣ ድንቢጦች፤ ክንፋቸውን እያርገበገቡ። ከዚያ አምላኳ ፈገግ ብላ ምን ትላለች? «ደግሞ ምን ሆንሽ? ደግሞ ለምን ጠራሽኝ? ደግሞ ማንን ላግባባልሽ? ማናት ሳፎ የበደለችሽ?»

«ደግሞ» ሦስት ጊዜ ነው የምትመላለሰው። ይሄ ለቅሶ ነው? ገጣሚዋ በአምላክ አፍ ራሷን እየተረበች ነው። ይህ ነገር የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ሳፎም ታውቃለች፣ አምላኳም ታውቃለች፣ አሁን እኛም አወቅን። እያመማት ትስቃለች። እየሳቀች ግን ሕመሙን አታቃልለውም። ይህን ሚዛን በሁለት ስንኝ የሚጠብቅ ገጣሚ በየትኛውም ዘመን ብርቅ ነው።

ቀጥሎ አምላኳ ቃል ትገባለች። «ዛሬ ብትሸሽ ነገ ታሳድዳለች። ስጦታ ባትቀበል ገና ትሰጣለች። ባታፈቅር ወዲያው ታፈቅራለች፤ ሳትወድ በግዷ።» ማንን ታሳድዳለች? ማንን ታፈቅራለች? ግጥሙ አይናገርም። «አንቺን» የሚል ነገር የለበትም። ሳፎን ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ የዛሬዋ በዳይ ነገ በሌላ ሰው ደጅ ስትንከራተት ታድራለች ማለት ነው። አምላኳ የምትሰጠው ፍቅር ነው ወይስ ፍርድ? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ በፍርዱ አደላለሁ፤ «ማናት የበደለችሽ» ብሎ የጀመረ ዳኛ ነው የሚመስለኝ። መዝጊያው ላይ ደግሞ ሳፎ የምትለምነው መጽናናት አይደለም። በውጊያው ጎኔ ቁሚ ነው የምትላት። የጽጌረዳና የእንባ ግጥም በወታደር ቋንቋ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም።

እሺ፣ ጽጌረዳም አለ። ግብፅ ውስጥ በተገኘ አንድ ገል ላይ ተጽፎ በ1937 የታተመ ሌላ የሳፎ ግጥም አለ። አምላኳን ወደ አንድ የፖም አትክልት ቦታ ይጠራታል። ቀዝቃዛ ውሃ በቅርንጫፎቹ መሃል ይንሿሿል፣ ጽጌረዳ ቦታውን ያጠላዋል፣ ከሚንቀጠቀጠው ቅጠል እንቅልፍ ይወርዳል። እዚህ ጋ ለጸሐፊው እጅ እሰጣለሁ። ጽጌረዳው አለ፤ ያምራልም።

ሆሜርንስ ምን እናድርገው? በኢሊያድ ሦስተኛው ክፍል አፍሮዳይት የትሮይን ልዑል ፓሪስን ከጦር ሜዳ አሽሽታ መኝታ ቤቱ ታስገባዋለች። ከዚያ ሄለንን ሂጂለት ትላታለች። ሄለን እምቢ ትላለች። ከወደድሽው አንቺው ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ፣ አብረሽው ተንገብገቢ፣ ሚስቱ ያድርግሽ ወይ ገረዱ ትላታለች። አምላኳ ስትቆጣ ድምፅዋ ይለወጣል፤ አታናጂኝ፣ እስከ ዛሬ የወደድኩሽን ያህል እጠላሻለሁ። ሄለን ይሄኔ ትፈራለች። ነጠላዋን ተሸፋፍና ቃል ሳትተነፍስ ትከተላታለች። በዓለም ላይ በውበቷ አቻ የላትም የተባለች ሴት በፍቅር አምላክ ፊት እንደ እስረኛ ስትነዳ የሚያሳይ ትዕይንት ነው። ይህን «የጽጌረዳና የእንባ ግጥም» ብሎ ማለፍ ድፍረት ይጠይቃል።

የዩሪፒዲስ ሂፖሊቶስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ተውኔቱ አቴንስ ላይ ለመድረክ የበቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ነው፤ የዓመቱንም ውድድር አንደኛ ወጥቷል። መጋረጃ ገላጯ አፍሮዳይት ራሷ ናት። ወጣቱ ሂፖሊቶስ አደንንና ንጽሕናን ብቻ ወድዶ እሷን ስለናቀ ዛሬ ይሞታል ትላለች። በምን ትገድለዋለች? የእንጀራ እናቱን በፍቅሩ በመለከፍ። ሴትዮዋ ምንም አልበደለቻትም፤ ለምን ትሞታለች ብሎ የሚጠይቅ ካለ አምላኳ መልሱን እዚያው ትሰጣለች፦ ጠላቴን ለመቅጣት እሷ ብትጠፋ ግድ የለኝም። ጨዋታው ሲያልቅ እንጀራ እናቲቱ ራሷን ሰቅላለች፣ ልጁ በገዛ ፈረሶቹ ተጎትቶ ሞቷል። አቴናውያን ይህን ተቀምጠው ያዩት ገላ ለማየት አይደለም። ከአቅማቸው በላይ የሆነ ኃይል በሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ነው ያዩት። ፍቅርን እንዲህ የሚፈራ ጥበብ ነው ጸሐፊው ቀላል ያለው።

የሚሎዋ ቬነስ ላይ ከጸሐፊው ጋር ከሞላ ጎደል እስማማለሁ። ሐውልቷ ሚሎስ ደሴት ላይ የተገኘችው በ1820 ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ፈረንሳይ ናፖሊዮን የወሰዳትን የሜዲቺ ቬነስ ለፍሎረንስ መልሳ ነበር። የሉቭር ሙዚየም ምትክ ይፈልጋል። አዲሷ ቬነስ ከጥንቱ ወርቃማ ዘመን የመጣች እንድትሆን ስለተፈለገ፣ ከእሷ ጋር የተገኘውና «የአንጾኪያው አሌክሳንድሮስ ሠራት» የሚለው የመቆሚያ ድንጋይ አይመችም ነበር፤ አንጾኪያ ከዚያ ዘመን በኋላ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች። ድንጋዩ እንደምንም ጠፋ። በሥዕል የተቀረጸው ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ማስታወቂያ አለበት ማለት ትክክል ነው። ማስታወቂያ ግን 2 ሜትር የሚያልፍ ድንጋይ ወገቡ ላይ እንዲያ እንዲታጠፍ አያደርግም።

ቦቲቼሊ ገለበጠ የሚለው ግን ሥዕሉን በደንብ ካለማየት የመጣ ነው። በ1485 አካባቢ የተሣለው፣ ዛሬ ፍሎረንስ ኡፊዚ ያለው «የቬነስ ልደት» አቋቋሙን ከጥንት ሐውልት ወስዷል፤ እውነት ነው። አንገቷን እዩት፤ ከሰው አንገት ይረዝማል። የግራ ትከሻዋ ቁልቁል ይፈሳል። እንዲያ ቆማ ሚዛኗን ጠብቃ መቆየት አትችልም፤ እብነ በረድ ቢሆን ይወድቃል። ሐውልት የገለበጠ ሰው ይህን ይሠራል? ደግሞ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። አንዲት ሴት አበባ የተጠለፈበት ካባ ዘርግታ ልታለብሳት እየሮጠች ነው። በጥንቱ የግሪክ መዝሙርም አፍሮዳይት ከባሕር ስትወጣ ወቅቶች ተቀብለው ያለብሷታል፣ በወርቅ ያስጌጧታል። ጸሐፊው የእርቃን ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ሥዕል የሚያሳየው ልትለብስ ስትል ነው።

ስርቆቱን ባጭሩ ልለፈው። ከምሥራቅ መምጣቷን ያልደበቁት ግሪኮች ራሳቸው ናቸው። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከመቅደሶቿ ሁሉ የሚቀድመው የአስቀሎናው ነው፣ የቆጵሮሱም ከዚያ የወጣ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል። ከባቢሎን ኢሽታር፣ ከመጽሐፍ ቅዱሷ አስታሮት ጋር ዝምድና እንዳላት ዛሬ ብዙዎቹ አጥኚዎች ይቀበላሉ። ግን ይህ ስርቆት ከሆነ የእኛም አክሱም ልትከሰስ ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ የሚጠራው ዐስተር የዚሁ የሰፊው ቤተሰብ ስም ነው። አማልክት በንግድ መንገድ ይሄዱ ነበር፤ በየደረሱበትም ሰው የራሱን መልክ ሰጣቸው።

ደግሞ ከምሥራቅ የመጣች ናት ካልን፣ እሷው ነጭነትን ሸጠችልን ማለት እርስ በርሱ ይጣላል። እብነ በረዱ ያኔ ነጭ አልነበረም። ቀለም ይቀባ ነበር፤ ፀጉሩ፣ ዓይኑ፣ ከንፈሩ፣ የልብሱ ጠርዝ። ፕራክሲቴሊስ ከሥራዎችህ የትኞቹን ትወዳለህ ሲባል ሠዓሊው ኒቅያስ እጁን ያሳረፈባቸውን ማለቱን ፕሊኒ ይነግረናል። የሚሎዋ ቬነስም ጆሮዋ ላይ ለጉትቻ፣ ክንዷ ላይ ለአምባር የተበሱ ቀዳዳዎች አሏት። ዝናብ፣ አፈርና ዘመን ያጠቡትን ድንጋይ አይተው «ንጹሕ ነጭ» ብለው ያደነቁት ከ1700ዎቹ ወዲህ ያሉ አውሮፓውያን ናቸው።

እነሱ ያደረጉት ግን ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ የጸሐፊው ቁጣ ቁጣዬ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣችውን የኮይኮይ ሴት ሳራ ባርትማንን በ1810 ለንደን ላይ በትኬት ለሕዝብ ሲያሳዩ የሰጧት ስም «የሆተንቶቷ ቬነስ» ነው። በ1815 ፓሪስ ሞተች። አጽሟን እስከ 1970ዎቹ ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ አቆሙት። አገሯ የተመለሰችው በ2002 ነው። ከእሷ በፊት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ስቶታርድ ደግሞ «የጥቁሯ ቬነስ ጉዞ» የሚል ሥዕል ሠርቷል። አንዲት ጥቁር ሴት ዛጎል ላይ ቆማ፣ ዶልፊኖች እየጎተቷት፣ የባሕር አምላክ የእንግሊዝ ባንዲራ ይዞላት ከአንጎላ ወደ ካሪቢያን ትጓዛለች። መርከቡ የለም። ሰንሰለቱ የለም። የባሪያ ንግድ ነው እንዲያ ተሽሞንሙኖ የቀረበው።

ታዲያ ጥቁር ሰው ከዚህ ቅርስ የሚወስደው የለም? አፍሪካ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ሮቢን ኮስት ሉዊስ የስቶታርድን ሥዕል ስም ወስዳ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏ ላይ ለጠፈችው። ዋናውን ረጅም ግጥም የሠራችው ጥቁር ሴት ካለችባቸው የምዕራብ የጥበብ ሥራዎች አርእስትና የሙዚየም መግለጫ ብቻ ነው። የሙዚየሞቹን የገዛ ቃል እየደረደረች ራሳቸውን እንዲያጋልጡ አደረገች። መጽሐፉ በ2015 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። የጸሐፊውን ምክር ሰምታ ቢሆን ኖሮ ቬነስ የሚለውን ቃል እንዳየች ገጹን ገልጣ ታልፍ ነበር። ለዚህ መጽሐፍ ምን መልስ እንዳለው ቢጽፍልን አነበዋለሁ።